የሰው ስም

የወፍጮው ሞተር ድንገት ባይቆም ኖሮ አረጋሽ ምንም አትሰማም ነበር። ከተደረደሩት ከረጢቶች ማዶ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ እየተጯጯሁ ሲያወሩ ናፍጣው አለቀና ሞተሩ እንደሚያስል ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ፤ የአንደኛዋ ድምፅ ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። "እናት ብትሆንማ ስሙን ትሰጥ ነበር! የሞተውን አላስፈታ ብላ ያለችውን በቁሟ ቀበረቻት!" ሰው ሁሉ ዞረ። ተናጋሪዋም ዞር ስትል አረጋሽን አየቻትና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ባለወፍጮው በጎማ ቱቦ ናፍጣ እየቀዳ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ትንሽ ታገሡ" አለ። አረጋሽ ግን መታገሥ አቃታት። ተራዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያልተፈጨ ገብሷን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። የገበያ ቀን ነበርና ከጓሳ በኩል በግ የሚነዱ ሰዎች የዘመሮን መንገድ ሞልተውታል። እሷ በመካከላቸው ሽቅብ እየተጋፋች ሄደች።

የሚወራው ስለ ባሏ ስለ አስፋውና ስለ አማቷ ስለ ወይዘሮ የትምወርቅ ነበር። አስፋው በብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ እጁን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣ የአገር ልጅ፣ አስፋው ከአንድ ተራራ ሥር ከጎኑ ሲወድቅ እንዳየው፣ ሊያነሳው እንዳልቻለ፣ በማግስቱም ጦሩ ሲያፈገፍግ ሬሳው እዚያው እንደቀረ ተናገረ። ቀበሌው ግን "ከበላይ የደረሰን ወሬ የለም" አለ። ሰፈሩ ሲያለቅስ ወይዘሮ የትምወርቅ አላለቀሱም። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ወልድ ለፍትሐቱ የአስፋውን የክርስትና ስም ሲጠይቋቸው፣ "በሕይወት ያለ ሰው ስም ለሙታን አይሰጥም፣ አባቴ" አሏቸው። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፤ የክርስትና አባቱም ሞተዋል። "አስፋው" ተብሎ ደግሞ አይፈታም፤ አስፋው የዓለም ስሙ ነው፣ ለግብርና ለውትድርና የሚሆን። በሰማይ የሚታወቅበት ስም በእናቱ ደረት ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። አረጋሽም አብራ ተቆለፈች። ባሏ ሞቷል እንዳትል ፍትሐት የለም፤ አለ እንዳትል ወሬ የለም። ከአስፋው ጋር የኖረችው አንድ በጋና አንድ ክረምት ነው፤ ከአማቷ ጋር የኖረችው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ የትምወርቅ በራፉ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ከውስጥ በኩል የአስፋው ባና ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ውርጭ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት እንኳ ማንም አይደርበውም። "ተፈጨ?" አሏት። "ናፍጣ አለቀ።" "ሰው ነበረ?" "ነበረ።" ከዚያ በኋላ የእንዝርቱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። አረጋሽ ከረጢቷን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ሌላ ቦታ አስቀመጠች፤ መጥረጊያ አንስታ የተጠረገውን ቤት እንደገና ጠረገች። አማቷ ቀና ብለው አዩዋትና መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ስም ለወይዘሮ የትምወርቅ ቀላል ነገር አልነበረም። በላቸው ከሚባል ነጋዴ በግ አይገዙም፤ "ስሙ ራሱ ይበላል" ይላሉ። አረጋሽ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ስሟ ኮከቤ ነበር። ገና ጫጉላዋ ሳይወጣ፣ "ኮከብ ሩቅ ነው፤ ቀን አይታይም። የኔ ልጅ እግረ ቀላል ነው፣ የምታረጋልኝ ነው የምፈልገው" ብለው አረጋሽ አሏት። ስሙ ግን አስፋውንም አላረጋው፣ እሷም ራሷ ረግታ አታውቅም። ሰፈሩ ማማት ሲጀምር ደግሞ ወይዘሮ የትምወርቅ የውሻቸውን ስም ለውጠው "ምን ገዷችሁ" አሉት። አመሻሽ ላይ በራፍ ቆመው፣ "ምን ገዷችሁ! ና! አንተ ምን ገዷችሁ!" እያሉ ሲጣሩ፣ ጎረቤት የራሱን በር ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ረፋዱ ላይ ውሻው ጮኸና የአረጋሽ ታላቅ ወንድም ገብረ ክርስቶስ ከመንደሩ ከቀየት መጣ። እንግድነቱን አማቷ አሳምረው ተቀበሉት፤ ተነስተው ሳሙት፣ ከመደቡ የተሻለውን ቦታ ለቀቁለት። የሚያቀምሱት ጠላ ግን በቤቱ አልነበረም። ይህን ያወቁት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሳይጠሩ በማሰሮ ጠላ ይዘው ገቡ። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ልጅ ወዳጆና አስፋው በአንድ ሳምንት የተወለዱ፣ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ቀን የታፈሱ ናቸው። "የወዳጆ ደብዳቤ ደረሰኝ" አሉ ጠላውን እየቀዱ። "ከአሥመራ ነው። ደህና ነኝ፣ እግሬን ብርድ መታኝ እንጂ ደህና ነኝ ይላል። አይዞሽ የትምወርቅ፣ ያንቺም ይጽፋል።" ወይዘሮ የትምወርቅ፣ "አሜን፣ ጥሩዬ" አሉና እንዝርታቸውን አዩ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የሰዉን ፊት አይተው ጨዋታው የቤተሰብ መሆኑ ገባቸው፤ ማሰሮውን ትተው ወጡ።

ገብረ ክርስቶስ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ አስፋውን እኛም አልቅሰንለታል። ይህች ግን ልጅ ናት። ውባየሁ ሽማግሌ ልኳል፣ መቼም ሰምተዋል። ሰዎቹ የሚሉት፣ ፍትሐቱ ይድረስና እንነጋገር ነው። አለዚያ የሰው ሚስት አንጠይቅም ይላሉ።"

"የሰው ሚስት መሆኗን ካወቁ ምን ያመላልሳቸዋል?"

"እማማ—"

"ጠጣ፣ ልጄ። ጠላው ጥሩ ነው።"

ገብረ ክርስቶስ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ገብሱ፣ ስለ በግ ዋጋ፣ ስለ መዋጮ አወሩ። አረጋሽ በራፉ ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ አንዴ በአንድ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች። ውባየሁ ጨው ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ በወሊድ ሞታበታለች። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከእሱ ጨው ስትገዛ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ስምሽ ማነው ሳይል፣ "ደክሞሻል እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነትም እንደደከማት አወቀች። ወንድሟን ስትሸኘው አጥሩ ጥግ ቆሞ፣ "ማታ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ" አላት። "ገበያ ውለው ይመለሳሉ። ዛሬ ቁርጡ ካልታወቀ ሰውየው ሌላ ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም።" እሷ፣ "ይሁን" ብቻ አለች። ተመልሳ ገብሷን አዘለችና ለአማቷ፣ "ወፍጮ ልሂድ፣ ናፍጣ አምጥተው ይሆናል" አለቻቸው። ወፍጮ ቤቱ በራፍ ላይ ከረጢቱን ለባለወፍጮው አስረክባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፈች።

ስሙን ታውቀው ነበር። አስፋውና አብረውት የታፈሱት ልጆች ወደ ማሠልጠኛ ሊጫኑ ሲሉ በአጥር ግቢ ተዘግቶባቸው አደሩ። ስንቅ ይዛለት ሄዳ በአጥሩ ቀዳዳ ስታቀብለው ጣቷን ያዛት። "የክርስትና ስሜ ገብረ አማኑኤል ነው" አላት በሹክሹክታ። "እማዬ ለማንም አትናገርም፣ ታውቂያታለሽ። እኔ ከቀረሁ አንቺ ንገሪልኝ።" ያን ጊዜ አፉን በመዳፏ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስሙን ከምላሷ ሥር ይዛው ኖረች፤ አንዳንዴ እንደ አደራ፣ አንዳንዴ እንደ ቁልፍ። አማቷን ስታይ ትውጠዋለች። ዛሬ ግን የሴትዮዋ ጩኸት ከጆሮዋ አልወጣም፤ በቁሟ ቀበረቻት፣ በቁሟ ቀበረቻት፤ በእርምጃዋ ልክ ይመላለሳል።

መምሬ ኪዳነ ወልድ ከደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሙን ስትነግራቸው ወዲያው አልተነሱም። "እናቱ ነገረችሽ?"

"እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ አባቴ። ከቀረሁ ንገሪልኝ ብሎኛል።"

"እሷስ ታውቃለች መምጣትሽን?"

አረጋሽ መሬት መሬት አየች። ልቅሶ ያልወጣለት፣ ፍትሐት ያልደረሰለት ወጣት በየቤቱ ሞልቷል፤ ይህ ለቄሱም ሸክም ነበር። "የልጅን ነፍስ እናትም ብትሆን አታስረውም" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ካህን ጠርተው ገቡ። አረጋሽ ከግንቡ ተጠግታ ቆመች። "አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ገብረ አማኑኤል" ሲባል በግልጽ ሰማች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣም። እፎይ እላለሁ ያለችው ሁሉ ቀረ። ጸሎቱ ሲያልቅ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ወፍጮ ቤት ሄዳ ዱቄቷን ስትቀበልም ትኩስነቱ ጀርባዋን እያቃጠላት፣ የሰረቀችው ዕቃ መሰላት።

ልትደብቀው አስባ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወንድሟ ይናገር ብላ ነበር። በራፉን ተሻግራ አማቷን ስታይ ግን ያ ሁሉ ተነነ። ዱቄቱን ሳታወርድ፣ እንደቆመች፣ "አስፈታሁት፣ እማማ" አለች። "አስፋውን አስፈታሁት። ስሙን ነግሮኝ ነበር።"

እንዝርቱ ወደቀ። ወይዘሮ የትምወርቅ አላነሱትም። "ምን ብሎ ነገረሽ?"

"ገብረ አማኑኤል።"

አማቷ አፍጥጠው አዩዋት። ቀጥሎ የሆነውን አረጋሽ ፈጽሞ አልጠበቀችም፤ ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። "ተመስገን! ተመስገን አንተ ጌታ! አልተፈታም! ልጄ አልተፈታም! ስሙ እሱ አይደለማ! ለእሱስ መቼ ነገርኩት? ከእሱ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። አንድ ደብተራ፣ 'የልጆችሽን ስም ለክፉ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ አለ፣ በስማቸው ነው የሚበሏቸው' አለኝ። አስፋውን ሳስጠምቅ እውነተኛ ስሙን በጆሮዬ ተቀብዬ ዋጥኩት። ከፍ ሲል ጠየቀኝ፤ አፉ ልቅ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይናገራል። ስምህ ገብረ አማኑኤል ነው አልኩት። ክፉ ሰው ቢፈልገው ሌላ እንዲያገኝ።"

አረጋሽ ከረጢቱን ከጀርባዋ አወረደች። "ይህን ስም ታዲያ ከየት አመጡት?"

ወይዘሮ የትምወርቅ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከፈቱና እንደተከፈተ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ዶሮዎቻቸውን ይጠራሉ፤ ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር፣ ደብዳቤ የደረሰው ሰው። አማቷ ወደዚያ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። "ያን ቀን ከእኔ ፊት የቆመችው ጥሩሸዋ ነበረች። የሁለቱም ክርስትና አንድ ቀን ነው። ቄሱ ልጇን ሲጠሩት ሰማሁ... ገብረ አማኑኤል። ጆሮዬ የያዘው እሱን ነበር። ቅርብ ሆኖ ያገኘሁትን ስም አነሳሁ።"

የዶሮዎቹ ጥሪ ቀጠለ። አረጋሽ፣ "እማማ፣ ዛሬ ቄሱ ማንን ነው ታዲያ—" ስትል፣ አማቷ፣ "ዝም በይ" አሏት። ከዚያ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። ያን ያህል ጊዜ ከመደባቸው የማይነቃነቁት ሴት አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ጓዳው ይሄዳሉ፤ የማይፈልጉትን ዕቃ ያነሳሉ፤ ይጥላሉ። "ሃያ ዓመት ሙሉ" አሉ፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ የሷን ልጅ ከፊት አቁሜ የኔን ከኋላ ደብቄ ኖርኩ። አላሰብኩትማ። እመቤቴ ትመስክር፣ አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። እሷ ጠላ ታመጣልኛለች።" ድንገት ቆሙ። ጋቢያቸውን ተከናነቡ። "ነይ" አሏት።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሰላም ሲላቸው ወይዘሮ የትምወርቅ አይመልሱም፤ አረጋሽ ልትደርስባቸው ግማሽ በሩጫ ትከተላለች። መምሬ ኪዳነ ወልድን ከቤታቸው ደጃፍ አገኟቸው። አማቷ ጉልበታቸው ላይ ወድቀው ሁሉንም ነገሯቸው፤ አንዳች አልደበቁም። ቄሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቆይተው፣ "እግዚአብሔር ስም ሲሰማ ፊት ያያል፤ እንደ እኛ አይሳሳትም" አሉ።

"እርስዎ ያምኑታል እንጂ እኔ ይህን ይዤ አላድርም፣ አባቴ። ከያች ሴት ጋር አጥር ነው የለየን። ልጇ በሕይወት አለ፤ ጽፎላታል። ጸሎቱ ባለቤቱን ካላገኘ በስሙ ያለውን ይፈልጋል።"

"ለሕያው የሚሆን ጸሎት አለ፤ ለወዳጆ አሁኑኑ እጸልያለሁ።"

"እሱንም ያድርጉልኝ። ግን ባለቤቱም ይታወቅ።" ወይዘሮ የትምወርቅ ይህን ብለው ቆሙ። አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ያዘ። አረጋሽ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባትና ጥቂት እልፍ ብላ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። መስማት ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። አማቷ ወደ ቄሱ ጆሮ ተጠግተው አንድ ቃል ሲሉ ሹክሹክታው ብቻ ደረሳት፤ ከዚያ የቄሱ ረጅም ትንፋሽ። ቄሱ ካህኑን ጠርተው፣ ሁለቱን ሴቶች አስከትለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ጸሎቱ ሲጀመር ወይዘሮ የትምወርቅ ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሲያልቅ ግን ተነስተው፣ ክረምቱን በሙሉ አምቀው የያዙትን ጩኸት ለቀቁት። ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ሁሉ ቆመ።

መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ። መቀነታቸውን እያጠበቁ ሮጠው መጥተው አቀፏቸው። "እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! ምነው የትምወርቅ፣ መርዶ መጣ?" ወይዘሮ የትምወርቅ አንገታቸው ሥር ተሸጉጠው፣ "ይቅር በዪኝ ጥሩዬ፣ ይቅር በዪኝ" ይላሉ። "ምን በድለሽኝ? ምን በድለሽኝ፣ እህቴ?" እያሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ አብረው ያለቅሳሉ። አረጋሽ ከአጠገባቸው ቆማለች። አማቷ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገናኙና ሁለቱም ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ማታ ገብረ ክርስቶስ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመጣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ አገኙት። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን አላነሱም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ።

አረጋሽ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ውባየሁን አግብታ ቀየት ገባች። ስትሸኝ አማቷ መርቀዋታል፤ ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ቀየትም ሄዳ አልረጋችም። ከዘመሮ የሚመጣ ገበያተኛ ባገኘች ቁጥር ስለራሷ ዘመድ ከመጠየቋ በፊት፣ "የእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ ወሬ አለ?" ትላለች። በመጀመሪያ ጽፏል ይሏት ነበር፤ በኋላ ደብዳቤው ቀረ ይሏት ጀመር። ውባየሁ፣ "ልጁ ምንሽ ነው?" ብሎ ሲጠይቃት፣ "ጎረቤት" ትለዋለች። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር ቡትቶ ለብሶ በየመንገዱ ሲያልፍ፣ እሷ ልጇን አዝላ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። የመጣውን ሁሉ ታስቆማለች፣ ወዳጆን ያውቁት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ የሚያውቅ አልነበረም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል አንዲት አሮጊት በዱላ እየተመረኮዙ ወደ ግቢው ገቡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ጋቢያቸው በስብሶ ከገላቸው ተጣብቋል። ወይዘሮ የትምወርቅ ነበሩ። ከዘመሮ በእግራቸው ነው የመጡት፤ እዚያ ቤት ረግጠው አያውቁም። አረጋሽ፣ "እማማ! በምን ጉድ መጡ? ይግቡ እንጂ!" ብላ ልትደግፋቸው ስትሮጥ በእጃቸው አስቆሟት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

"መጣ" አሉ።

አረጋሽ አሻግራ ወደ መንገዱ አየች። ለአፍታ የመጣላት ሌላ ሰው ነበር። አማቷ ይህን ከፊቷ አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የጥሩሸዋ ልጅ። ትናንት ማታ። በጣም ከስቷል፣ እግሩም አብጧል። ግን በላ። ፊቱ ቁጭ ብዬ ሲበላ አየሁት።"

አረጋሽ አፏን በመዳፏ ይዛ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን አለቀሰ። ወይዘሮ የትምወርቅ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደጃፉ ላይ ከሷ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሕፃኑን ራስ ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"እንግዲህ" አሉ፣ "የሚጠጣ ውሃ ስጪኝ።"